አባዬ ከማዶ

ልጄ አንድ እግር ጫማ አልጋው ሥር አስቀምጧል። የግራውን። የቀኙን ውሃ ወስዶታል።

ከወሎ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። አዲስ ጫማ ተገዝቶለታል። ያቺን አሮጌ ግን አትንኩብኝ ብሎ፣ ጭቃዋ እንኳ ሳይራገፍ እዚያው ናት። እኔም አልነካኋትም። ዘመድ ወዳጅ እየደወለ ሲጠይቀኝ «ደህና ነን፣ ተመስገን» ብዬ ነው የማልፈው፤ በስልክ የሚወራ ነገር አልመስል ብሎኝ። ዛሬ ልጄ ሲተኛልኝ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። በተለይ ክረምት ላይ ልጅ ይዛችሁ ወደ ቆላ ዘመድ ጥየቃ የምትወርዱ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

አገሬ ራያ ቆቦ ነው፣ ሰሜን ወሎ። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ አላ ውሃን ትሻገራላችሁ፣ ጎብዬን፣ ሮቢትን ታገኛላችሁ፣ ከዚያ የእኛ ሰፈር ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ነው። በቤታችንና በአስፋልቱ መሀል አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። ስም አለው፤ ግን በስሙ የሚጠራው የለም። «አሸዋው» ነው የምንለው። አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ጠብታ ውሃ የለበትም። ልጅ ሆነን ኳስ የተጫወትነው እዚያ ላይ ነው፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን አውልቀን የሄድነው እዚያ ላይ ነው፣ የታላቅ እህቴ ሙሽሮች የተሸኙትም በዚያው ነው። አሸዋው ለእኔ ወንዝ ሆኖ አያውቅም። መንገድ ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው እንዲያ ነው እየተባለ ሁለት ዓመት ሳንሄድ ቆይተን፣ ዘንድሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሰው መመላለስ ጀምሯል ሲባል ልጄን ይዤ ወረድኩ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበረበት ቀረ። ፍልሰታ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ነው። ቡሄን እዚያ ዋልን። ችቦ በራ፣ ሙልሙል ተጋገረ፣ ልጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅራፍ ሲጮህ ሰማ። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ትላለች እማዬ በየዓመቱ። እውነትም ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በማግስቱ፣ ነሐሴ 14፣ ከማዶ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ ከወንድሜ ጋር ተነሳን።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ አየ። ወደ ተራራው። ከዚያ «ከሰባት ሰዓት በፊት ተመለሱ፣ ደጋው አላማረኝም» አለኝ።

እሺ አልኩት። ቀና ብዬ አየሁ፤ ከእኛ በላይ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ከተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ ነገር ተቀምጧል። ያ ከእኛ ምን ያህል ሩቅ ነው? ብዬ አሰብኩ።

አክስት ጋ ተሂዶ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ደረሰ። ወንድሜ ሰዓቱን አየት እያደረገ «እንሂድ» ቢለኝም እኔ ነኝ «በረካውን ሳንጠጣማ አንሄድም» ያልኩት። ይህን በደንብ ጻፉልኝ፤ እኔ ነኝ። አሸዋው አፋፍ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አሸዋው ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው። ገባንበት።

ከዳር እስከ ዳር መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሠላሳውን ያህል ሄደን ልጄ ጎንበስ አለ። ድንጋይ እየመረጠ ነው። አዲስ አበባ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ድንጋይ የት ያገኛል ብዬ «ምረጥ፣ ምረጥ» አልኩት። ቦርሳዬንም ከፈትኩለት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የረጠበ አፈር ሽታ፣ በዚያ ፀሐይ። ደስ አለኝ እንኳ። ቀጥሎ ድምፅ ሰማሁ፤ ከሩቅ የሚያጓራ፣ የማያቋርጥ። አስፋልቱ ላይ ሲኖትራክ የሚያልፍ ነው የመሰለኝ። ወንድሜ ቆመ። እግራችን ሥር ከጣት የማይወፍር ውሃ አረፋና ጭራሮ እየገፋ በአሸዋው ላይ ሲሳብ አየሁት። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ልጄ ሳቀና እግሩን ሊያስነካው ሄደ።

ያን ጊዜ ነው አፋፉ ላይ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ የጮኸው። «ውጡ! ኧረ ውጡ! ውሃ መጣ!»

ወንድሜ ልጄን ከመሬት ነጥቆ ትከሻው ላይ አደረገው፤ ወደ መጣንበት ዞረን ሮጥን። ሠላሳ እርምጃ ነው ያልኳችሁ። አሸዋ ላይ መሮጥ ግን መሮጥ አይደለም፤ እግር ይሰምጣል፣ ስታወጡት ይጎትታችኋል። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ፣ ሳላስበው ጉልበቴ ጋ ሆነ። አንዴ ተንገዳገድኩ። አፋፉ ላይ የወጣ የግራር ሥር ነበር፤ በሁለት እጄ ያዝኩት። እረኛው ተንበርክኮ ልጄን ከወንድሜ ትከሻ ተቀበለና ሳበው። ከዚያ እኔን። ወንድሜ መጨረሻ ወጣ። ጫማዋ የትኛዋ ቅጽበት ላይ እንደሄደች ማናችንም አላየንም።

ዞር ስል ደረሰ። ፊት ፊቱ ውሃ አይመስልም። ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቆሻሻ፣ አረፋ አንድ ላይ ተሰብስቦ ከሰው ወገብ በላይ ሆኖ የሚሄድ አጥር ነው። ከኋላው ያለው ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው። ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፤ ያ ድምፅ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ የቆማችሁበት መሬት ይንቀጠቀጣል። ልጄ ድንጋይ የመረጠበት ቦታ የለም። አንዲት የሞተች ፍየል አለፈች። እኔ አፋፉ ጫፍ ላይ ፈዝዤ ቆሜያለሁ። እረኛው በነጠላዬ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «ከጫፉ ራቁ፣ ከሥር ይበላዋል» አለ። ጥቂት ቆይቶ የያዝኩት ግራር ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ዝም ብሎ ወረደ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው ልጁ። ሁለት ጊዜ አዳነን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ግን ደጋግሜ የማየው። «ውሃ መጣ» የሚለው ጩኸት ከአፋፍ አፋፍ እየተቀባበለ ወደ ታች ወረደ። ከየቤቱ ሰው ወጣ። ወደ ውሃው ነው የሚሮጡት፤ አካፋ ይዘው። የእኛ አገር ሰው ጎርፉን ይፈራዋል፣ ደግሞ ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቀዋል። ከወንዙ ዳር በአፈርና በቅርንጫፍ እያገዱ ውሃውን ጠልፈው ወደ ማሽላው ያስገቡታል። በሚቀጥለው ጎርፍ ያገዱት ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠሩታል። ተራ የሚያስጠብቅ የውሃ አባት አለ። ልጅ እያለሁ አባዬ ጭቃ ለብሶ ሌሊት ሲመለስ አስታውሳለሁ፤ እማዬ ውሃ እያሞቀች «ገባልህ?» ስትለው። እኔን ሊወስደኝ የነበረው ውሃ የእነሱ የዓመት እንጀራ ነው።

አባዬን ያየሁት ያኔ ነው። ከማዶ። አካፋ አልያዘም። በዱላው እየተመረኮዘ እስከ ጫፉ ድረስ መጣ፣ ቆሞ ወዲህ ተመለከተ። ብጮህ አይሰማኝም፤ የውሃው ድምፅ ሁሉን ዋጥ ያደርገዋል። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፣ የወንድሜ ረጥቦ ጠፍቷል። ልጄን ወደ ላይ አነሳሁት። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አድርጌ ያዝኩት፣ አየው፣ አለ፣ ብዬ። አባዬ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና በሁለት እጁ ዘርግቶ ከፍ አደረገው። አይቻለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆንን። እሱ ከማዶ፣ እኛ ከወዲህ። ሰው መጥቶ ሲያናግረው አያለሁ፤ አይነሳም። የእርሱ ማሳም ውሃ የሚፈልግ ማሳ ነበር፤ የዚያን ቀን የጠለፉለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሊመሽ ሲል ውሃው እየጎደለ መጣ። ጉልበት ድረስ ወረደ፣ ከዚያም ያነሰ መሰለኝ። ወንድሜ ሱሪውን ሰበሰበ። አባዬ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ ዱላውን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ አትግቡ። ዱላውን ወደ አክስቴ ቤት ቀሰረ። ሂዱ። ሄድን። ከዚያ በኋላ፣ ጨልሞ ካበቃ በኋላ፣ አክስቴ ቤት ተኝተን ያ ድምፅ እንደገና መጣ። ሁለተኛ ጎርፍ። ወንድሜ በጨለማ ውስጥ «ሰማሽ?» አለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም።

በጠዋቱ አባዬ ራሱ ተሻግሮ መጣ። ልጄን ሳመው፣ እኔን ሳመኝ፣ ወንድሜን ሳመው። «በሉ እንሂድ፣ እናታችሁ ቡና አፍልታለች» አለ። ይኸው ነው ያለው።

እማዬ ወሬው ሲደርሳት ወደ ወንዙ አልሮጠችም። ቤት ገብታ እህል መልቀም ጀመረች አሉ። «እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ ይቆማል» አለችኝ በኋላ። ሌሊቱን ሙሉ የለቀመችው ምስር ሰፌድ ላይ ተቆልሎ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ጸጥ ያሉ ነበሩ። ምን እንደሠራን ብትጠይቁኝ ምንም። ጠዋት ፀሐይ እንሞቃለን። እማዬ ጭቃ የነካውን ልብስ ታጥባለች፤ ሁለት ቀን አጠበችው፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ልጄ ከአባዬ ሥር አይጠፋም፤ መደቡ ላይ አብሮት ይተኛል፣ ከብት ሊያስወጣ አብሮት ይወጣል። አባዬ ቡሄ ቢያልፍም ቃጫ ፈትሎ ትንሽ ጅራፍ ገመደለት። መጀመሪያ ሲያጮኸው እኔ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። አባዬ አየኝና «ራቅ ብለህ አጩህ» አለው፤ በእርጋታ።

ጎረቤት ይመጣል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። በቆሎ እሸት፣ ቆሎ፣ ትንሽ ስኳር። «እንኳን አተረፋችሁ» ብለው ይቀመጣሉ፣ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። ሐጂ መጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ከአባዬ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው፣ ማሳቸውም ጎን ለጎን ነው፤ ያን ቀን የአባዬን ውሃ የጠለፉትም የእሳቸው ልጆች ናቸው። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዱዓ አደረጉ። እማዬ አማተበችና «አሜን» አለች። ለእኔ «አብሽሪ ልጄ፣ አልፏል» አሉኝ። እኔ ግን ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ማንም ዝም በይ አላለኝም። እማዬ ጀበናውን መለሰች፣ ሐጂ ስኒያቸውን ያዙ፣ እኔ አለቀስኩ፣ ቡናው ቀጠለ። እንዲህ ያለ ደግነት ሌላ የት እንደሚገኝ አላውቅም።

ነሐሴ 16 ጾሙ ተፈታ፣ ሶለል ገባ። ሴት ልጆች አሸብርቀው ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ነው። እኛ ቤትም ገቡ። እኔም በልጅነቴ ከበሮ ይዤ በዚያው አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ ነው ያደግኩት። አጨበጨብኩላቸው። ልጄ ከአባዬ ጋቢ ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አንድ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። «ነግሬሽ አልነበረም ወይ?» እስኪለኝ። ቁርስ ላይ እጠብቃለሁ፣ ማታ ከብት ገብቶ ሲቀመጥ እጠብቃለሁ። አይመጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ አልቻልኩም፤ ደጅ ብቻውን ሲቀመጥ አጠገቡ ሄጄ «አባዬ፣ ነግረኸኝ ነበር» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ነግሬሽ ነበር። አላሳየሁሽም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እኔንም ልጄንም ይዞ ወደ አሸዋው ወረደ። መጀመሪያ ፊታችንን ወደ ምዕራብ አዞረን። ቆቦ ሜዳው ከ1,500 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ያ ከምዕራብ የቆመው ሰንሰለት ግን ከ3,000 ሜትር በላይ የሚሄድ ነው። «የእኛ ዝናብ እዚያ ነው የሚዘንበው» አለ። ጎሊናና ሆርማት የሚባሉት ወንዞችም ከዚያው ነው የሚወርዱት፣ እኛን አቋርጠው ወደ አፋር ነው የሚሄዱት። ቁልቁለቱ ስለት ነው፣ ብዙው ገላጣ ነው፣ ውሃ የሚይዝለት ዛፍ የለም። እዚያ ላይ ሲወርድ እኛ ፀሐይ እየሞቅን ሊሆን ይችላል። ራስ በላይ ያለውን ሰማይ ማየት ከንቱ ነው። ጠዋት ደጋው ከጠቆረ አሸዋው ከቀትር በኋላ ዝግ ነው፤ ሠርግም ይሁን ለቅሶ።

ከዚያ ያቺን ሽታ ነገረን። አረፋና ጭራሮ ይዛ የምትሳበዋን ቀጭን ውሃ ነገረን፤ «እሷ መልእክተኛ ናት፣ ከኋላዋ ጌታዋ አለ» አለው ለልጄ። ከብቱ መግባት እምቢ ካለ አትምታው፣ እመነው አለ። እኔ አንድ ነገር ጠየቅሁት። ያን ማታ ውሃው ጎድሎ ለምን ከለከልከን? ዱላውን አሸዋው ውስጥ ሰደደው። እስከ መያዣው ሊደርስ ምንም አልቀረም። «ሲሄድ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አሸዋ ያለብሰዋል። ደግሞ ተራራው አንድ ሸለቆ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይደርሳል። እኔን በሬዬን የቀማኝ ውሃው ሲመጣ አይደለም። ሲጎድል ነው።» በሬው መሞቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዴት እንደሞተ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት።

እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ እንላለን ስለ መጥፎ ሰው ስናወራ። ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ልጄ ያቺን ቀጭን ውሃ አይቶ ሲስቅ እስካየው ድረስ ስለ ውሃ መሆኑ አልገባኝም ነበር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ እንቅልፍ ባጣሁ ቁጥር ስለ ደራሽ ጎርፍ አነባለሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በኃይል የሚሄድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። እኔ ጉልበቴ ጋ ደርሶ ነበር። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል ይሻገርበታል፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ዜናውን ሰምቼ አዝኛለሁ። የእኛ አሸዋ ግን ትዝ አላለኝም።

ከመመለሳችን በፊት እረኛው ልጅ ቤት ሄድን። እማዬ ቡናና ስኳር ቋጠረች፣ እኔ የቻልኩትን ያዝኩ። እናቱ «ኧረ ምን አደረገ፣ ማንም ያደርገዋል» ብላ አፈረች። ልጄ ማንም ሳያዘው ጅራፉን አውጥቶ ሰጠው። እረኛው ተቀብሎ አገላብጦ አየው፣ አንዴ አጮኸው፣ አልጣመውም። ቁጭ ብሎ ጫፉን ፈትቶ እንደገና ገመደውና ለልጄ መለሰለት። «አሁን ይጮሃል» አለ። እውነትም አጮኸው። ያን ጊዜ እኔ አልደነገጥኩም።

በሄድንበት ቀን ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ተነሳን። አባዬ ጋቢውን ለብሶ እስከ አሸዋው ሸኘን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ልጄ ቀድሞ ቆመና ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ቆይቶ «አባባ፣ ደጋው ንጹህ ነው» አለ። አባዬም አየ። «ንጹህ ነው፣ ግቡ» አለ።

ድንጋይ አልመረጥንም። ሳንቆም ተሻገርን። ማዶ አፋፍ ላይ ወጥተን ዞር ስል አባዬ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጄን አነሳሁ። ብድግ አለና ጋቢውን በሁለት እጁ ዘርግቶ አንዴ ከፍ አደረገው፤ ከዚያ ዱላውን ይዞ ወደ ቤት ዞረ።